የእህቴን ልጅ ጥርስ ከመነቀል ላዳነችልን ሐኪም

ባሕር ዳር ውስጥ ልጅ ያላችሁ ሁሉ እንድታውቋት የምፈልጋት አንዲት የጥርስ ሐኪም አለች። ወጣት ናት። ሳላስፈቅዳት ስሟን አደባባይ ላይ ማውጣት አልፈለግሁም። የሠራችልንን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

የእህቴ ልጅ ከእናቷ ጋር ዘጌ ነው የምትኖረው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከላይ፣ ከሁለቱ ትልልቅ የፊት ጥርሶች ቀጥሎ ያለችው የግራ ጥርሷ ማመም ጀመረች። ጥርሷ ነጭ ናት፣ አንድም የተቦረቦረ ቦታ የላትም። ቅርንፉድ ያዘች፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠች። ሻል ይላታል፣ ደግሞ ያገረሽባታል። ኋላ ድዷ ላይ ትንሽ እብጠት ወጣ፤ ሲጫኑት መግል አለው። መጀመሪያ የወሰድናት ቦታ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት፤ እብጠቱ ጠፋ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመለሰ። ያኔ «በቃ ይነቀል» ተባልን። የወተት ጥርስ ቢሆን እሺ። ይቺ ግን ዋናዋ ናት፣ ከተነቀለች ሌላ አይበቅልም።

ወደዚህች ሐኪም የመጣነው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው ሁሉ ጥርሷን ከፊት ነበር ያየው። እሷ በትንሿ መስታወት ከኋላ፣ ወደ ላንቃ የዞረውን ገጽ አየች። በአየር አደረቀችውና መብራቱን አስጠጋች። በቀጭኗ መመርመሪያ ስትነካካው ጫፏ አንድ ቦታ ላይ ያዝ አደረገ። መርፌ የወጋው የምታክል ጉድጓድ ናት። ለእህቴም አሳየቻት። ቀጥሎ በጣም የቀዘቀዘ ጥጥ ይዛ ጎረቤት ጥርሶቿን አንድ በአንድ ነካች። ልጅቱ በየተራው እጇን ታነሳለች። የታመመችዋ ላይ ሲደርስ ዝም። የጥርሷ ነርቭ ሞቷል ማለት ነው።

ራጁ ላይ ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየ። ጥርሷ ውስጥ ሌላ ትንሽ ጥርስ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ከሥሯ ጫፍ ዙሪያ ደግሞ ጠቆር ያለ ቦታ አለ፤ ኢንፌክሽኑ አጥንቱን የበላበት ነው።

እህቴ የጠየቀችውን መቼም አልረሳውም። «ዶክተር፣ ከረሜላ አብዝቼባት ነው?» አለች፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀችና አጠገቧ ተቀመጠች። «አይደለም እናቴ፣ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው የታጠፈው» አለቻት። ቀጥላም የራሷን እጅጌ ጫፍ ወደ ውስጥ ገልብጣ አሳየቻት። የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ እንደዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። የታጠፈው ቦታ ላይ ሽፋኑ ስስ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ምግብና ባክቴሪያ በዚያች ጉድጓድ ገብቶ ይቀራል፣ ብሩሽ አይደርስበትም። ጥርሱ ከውጭ ሳይበላ ነርቩ ከውስጥ ይሞታል።

ሕመሙ ዴንስ ኢንቫጂናተስ ይባላል። በብዛት የሚታየው በዚችው ከትልልቆቹ ቀጥሎ ባለችው የላይኛ ጥርስ ላይ ነው። ኦህለርስ የተባለ ሐኪም በ1957 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሦስት መደብ ከፍሎታል። አንደኛው እጥፋቱ ከድድ በላይ ባለው የጥርስ ክፍል ብቻ የሚቀር ነው። ሁለተኛው ወደ ሥሩ ይዘልቃል። ሦስተኛው ሥሩን አልፎ በጎን ወይም በጫፍ በኩል ይወጣል፤ እሱ ከሁሉም ይከብዳል። የእኛዋ ሁለተኛው ናት።

ሌላም ችግር ነበር። በዚህ ዕድሜ የጥርስ ሥር እድገቱን አይጨርስም፣ ጫፉ ገና ክፍት ነው። ነርቩ ሲሞት እድገቱም እዚያው ይቆማል። ስለዚህ እንደ አዋቂ ጥርስ ጠርጎ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ መሙያው በክፍቱ ጫፍ ሾልኮ ይወጣል። መጀመሪያ የታጠፈውን ክፍል ከፍታ ውስጡን በፈሳሽ መድኃኒት ደጋግማ አጠበችው። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል መድኃኒት አድርጋ በጊዜያዊ ሙሌት ዘጋችው። መግሉ ከደረቀ በኋላ ክፍቱን ጫፍ ኤምቲኤ በሚባል፣ እርጥበት ባለበት በሚጠነክር መድኃኒት ደፈነችው። ከዚያ በላይ ያለውን ሞላችው።

በሥራው ጊዜ ጥርሷን ከምራቅ የሚለይ ስስ ላስቲክ አፏ ላይ ይወጠራል። ልጅቱ ስታየው ፈራች። ሐኪሟ አልተቆጣቻትም። ላስቲኩን ቆርጣ መጀመሪያ ጣቷ ላይ አጠለቀችላትና እስክትለምደው ጠበቀቻት። ቀጠሮአችንንም ሁልጊዜ ጠዋት ታደርገው ነበር። ከሰዓት ጣና ላይ ነፋሱ ሲነሳ የዘጌ ጀልባ ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል ይኖራል ብላ ምንም የማያማትን የቀኝ ጥርሷን ፈተሸች። እዚያም ጉድጓዷ አለች! ነርቩ ደህና ነው። ጉድጓዷን አጽድታ በቀጭን ሙሌት ደፈነቻት፤ ማደንዘዣም አላስፈለጋትም። የግራዋም በጊዜ ታይታ ቢሆን ኖሮ ሕክምናዋ ይኸው ነበር። ታናሽ ወንድሟም እነዚያ ጥርሶቹ እንደወጡ ይምጣ ብላናለች። አብዛኛውን ጊዜ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ላይ ነው የሚወጡት፤ ልጆቻችሁ እዚያ ዕድሜ ላይ ከሆኑ ጥርሳቸውን ከኋላ በኩል አሳዩላቸው።

ዋጋውን ከመጀመሯ በፊት ነው የነገረችን፣ አልተለወጠም። የማይሆነውንም አልደበቀችንም። ሥሩ ከእንግዲህ አይረዝምም፣ አይወፍርም፤ ጥርሷ ከምት መጠበቅ አለባት፣ ክትትሉም ይቀጥላል። እብጠቱ ግን ጠፍቷል። በቅርቡ በተነሳችው ራጅ ላይ ያ ጥቁር ቦታ እየጠበበ ነው፣ አጥንቱ እየሞላ ነው።

ዶክተር፣ ይህን ካነበብሽ እህቴም እኔም ከልብ እናመሰግንሻለን። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የቆየ ራጅ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ትጠይቃችኋለች።