ከቁንጫ ለገላገለን ባለሙያ፦ ምስጋናም ጥቆማም

አንድ የተባይ ማጥፊያ ባለሙያ ቤታችንን ከቁንጫ አጽድቶልናል። እኔም ላመሰግነው፣ ለቸገረው ሰውም ልጠቁመው ብዬ ነው የምጽፈው። ቁንጫ ያለበት ቤት ያደረ ሰው ነገሩ ሳይብራራለት ይገባዋል።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው። የቆየ የጭቃ ቤት፣ ወለሉ ጣውላ፣ ጣውላውም በእድሜ ብዛት የተሰነጣጠቀ። ውሻችን ቡቺ ክረምት ሲገባ በረንዳው ስለሚቀዘቅዘው እማዬ ሳሎን ታስተኛዋለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም። የልጄ እግር ከቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ቁጭ በሉ ለማለት እናፍር ጀመር።

ያልተመከርነው ነገር የለም። ግራዋ ጨፍጭፋችሁ ወለሉን እጠቡበት ተባልን፤ አጠብንበት። ሽታው ደስ ይላል፣ ቁንጫውም የተከፋ አይመስልም። ነጭ ጋዝ ርጩ ያለንም አለ። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠው፣ ስም የሌለው የእርሻ መድኃኒት ነው። ሕፃን መሬት ላይ የሚጫወትበት ቤት ውስጥ ምንነቱ የማይታወቅ ነገር እንዴት ይረጫል? በመጨረሻ አንድ ሰው ፓምፑን አዝሎ መጣ። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ረጨና «አለቀ» ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ቁንጫው ተመለሰ። ሰውየው ስልክ አያነሳም።

የማመሰግነው ባለሙያ የተገኘው በሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ መርጫ እንኳን አልያዘም። የያዘው የእጅ ባትሪና ጥርሱ የጠበቀ ማበጠሪያ ነበር። ገና ከበሩ «ድመት አላችሁ?» አለን። የለንም። የጠየቀው ያለምክንያት አይደለም፤ ፐርሜትሪን የሚባለው የተለመደ የቁንጫ መድኃኒት ውሻ ቢችለውም ድመትን ሊገድል ይችላል።

ከዚያ ቡቺን አበጠረው። ከጸጉሩ የወጣውን ጥቁር ብናኝ በራሰ ሶፍት ላይ አደረገና «እማማ፣ ይመልከቱ» አላት እናቴን። ብናኙ ቀስ እያለ ቀላ። የቁንጫ ኩስ ነው፤ ከውሻው የተመጠጠ ደም ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይቀላል። ቀጥሎ ነጭ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ ሳሎኑን ተመላለሰበት። የትኛው ጥግ ላይ እንደበዛ ካልሲው ላይ ቆጥሮ አሳየን። እማዬ አማተበች።

ለምን እንደማይጠፋ የነገረን ያኔ ነው። የሚዘለው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ብቻ ነው አለ። እንቁላሉ ውሻው ላይ ተጣብቆ አይቀርም፣ ውሻው በተኛበት ሁሉ ይረግፋል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ብርሃን ስለማይወድ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ የሚበላውም ያንኑ የደረቀ ደም ነው። ከዚያ ድር ፈትሎ ራሱን ይጠቀልላል፣ አቧራ ይለብሳል። እዚያ ውስጥ እያለ መድኃኒት አያገኘውም። ወራት ሊቆይ ይችላል። የእግር ኮቴ፣ የሰውነት ሙቀት ወይም ትንፋሽ ሲሰማው ፈንድቶ ይወጣል። ቤታቸውን ዘግተው ክፍለ ሀገር የከረሙ ሰዎች ገና በሩን ሲከፍቱ ቁንጫ የሚወራቸው ለዚህ ነው። የበፊቱ ሰውዬም ቢሆን የገደለው የሚታየውን ብቻ ነበር ማለት ነው።

በቀጠሯችን ቀን አልጋ ልብሱን፣ ብርድ ልብሱንና የቡቺን ጨርቅ በፈላ ውሃ አጠብን። ምንጣፉን ውጭ አራገፍን። እሱ በራሱ ቫኪዩም ስንጥቁን አንድ በአንድ ሳበው፤ የወጣውንም ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ ወዲያው አስጣለን። መሶቡና የወጥ ቤት ዕቃው ወጣ፣ እማዬና ልጄ አክስቴ ጋ ሄዱ። የረጨው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የሚገድል፣ ሌላው እንቁላሉና እጩ እንዳያድግ የሚያደርግ። ግድግዳውን በሙሉ በመድኃኒት አላጠበውም። ያተኮረው ስንጥቁ፣ የግድግዳው ሥር፣ የሶፋው ሆድና የአልጋው ሥር ላይ ነው። እስኪደርቅ ማንም አይገባም አለ፤ እኔንም አስወጣኝ። ቡቺን ግን አልነካውም። «እሱ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው» ብሎ በዚያው ቀን እንድንወስደው አዘዘ። ሐኪሙ የቁንጫውንም የትሉንም መድኃኒት ሰጠው፤ ውሻ ቁንጫ ሲውጥ የሆድ ትል ሊይዘው ይችላል።

ሊወጣ ሲል የተናገረው ነው ያስከበረው። «ለሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ቁንጫ ታያላችሁ፤ ከድሩ የሚወጣ ስለሆነ አትደንግጡ። በየቀኑ ጥረጉ፣ ውሃ ግን አታስነኩት።» ወለል ሳትወለውል የማትውለው እማዬ ከቁንጫው ይልቅ ይህ ከበዳት። ደግነቱ እንዳለው ሆነ። መጀመሪያ ጭራሽ የበዛ መሰለን፣ ቀጥሎ እየቀነሰ መጣ። ሁለተኛውን ርጭት ሳንጠራው ራሱ ደውሎ መጥቶ ሠራው። አሁን ነጭ ካልሲ አድርጌ ብዞር የሚዘል ነገር የለም።

ዋጋው ርካሽ ነው አልልም። ሆኖም የሁለቱንም ጊዜ አንድ ላይ ቆርጦ አስቀድሞ ይናገራል፤ ግማሹን መጀመሪያ፣ ቀሪውን ከሁለተኛው ርጭት በኋላ ይቀበላል። አንድ ነገር ልንቀፈው፦ ሰዓት ላይ ይሸወዳል። በጠዋት ያለው ሰው ምሳ ሰዓት ሊደርስ ይችላል፣ ጉዳይ አትያዙበት።

ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ። እማዬም ምርቃቷን ልካልሃለች። ስልኩን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል። ስትደውሉለት ድመት ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ንገሩት።