አሥራ አራት ወር ከ192ቷ ጋር

ይህችን የመብራት መቆጣጠሪያ የገዛኋት አምና ጥቅምት ላይ ነው። ስሟን አልነግራችሁም፤ ደግሞም እውነተኛ ስም ያላት አይመስለኝም። ካርቶኑ ላይ አንድ ስም፣ ጀርባዋ ላይ ሌላ ስም ተጽፏል። ጓደኛዬ ጋ ያለችው ደግሞ ሦስተኛ ስም ተለጥፎባት ከኔዋ ጋር ቁርጥ አንድ ናት። ሰርግ ላይ ከዲጄው ጎን፣ ክለብ ውስጥ ጥግ ላይ የምታዩዋት ጥቁር ጠፍጣፋ የመብራት ኮንሶል ናት። በግራ በኩል 12 የመብራት መምረጫ ቁልፍ፣ መሀል ላይ 8 ፌደር (ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ መቆጣጠሪያ)፣ ቀጥሎ አንድ የፍጥነትና አንድ የፌድ (ቀስ ብሎ የመለወጥ) ፌደር፣ ከላይ ቁጥር የምታሳይ ሚጢጢ ስክሪን። 192 ቻናል፣ ማለትም እንደ ቀይ ቀለም ወይም ድምቀት ያለ ለየብቻ የሚታዘዝ ነገር። ዋጋዋ ከአንድ ደህና ስልክ በታች ነው። እኔ 192ቷ እላታለሁ።

ሥራዬ ድብልቅ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ፣ አልፎ አልፎ ኮንሰርት፣ በመሀል አንድ ቲያትር እና ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ አንድ የበዓል ፕሮግራም። ሁሉም ላይ ይዣት ገብቻለሁ። ስለዚህ «ጥሩ ናት ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ «ለየትኛው ሥራ?» ነው።

በመጀመሪያው ሌሊት እንጀምር። ቤት ወስጄ ሁለት ፓር ላይት (ቀለም የሚቀያይር የመድረክ መብራት) ሰካሁ። ፌደሩን ወደ ላይ ስገፋ አንዱ ፓር ዝም፣ ሌላው ደግሞ እንደ ጠንቋይ ቤት ይርገበገባል። ኬብል ቀየርኩ። አድራሻ ቀየርኩ። ፓሮቹን ከሸጠልኝ ሰው ጋር በሐሳቤ ተጣላሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ኮንሶሏን ገልብጬ ሳያት ከዲኤምኤክስ መውጫው (ለመብራቶቹ ትእዛዝ የሚወጣበት ቀዳዳ) አጠገብ ጥፍር የምታህል ማብሪያ አየሁ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፒን የምታገላብጥ ናት፤ አንዳንድ የድሮ መብራቶች ዳታውን በተገላቢጦሽ ስለሚቀበሉ ለእነሱ የተሠራች። የኔዋ ከፋብሪካ ወደተሳሳተው በኩል ዞራ ነው የመጣችው። ቀጭን ስክሪውድራይቨር ጫፍ፣ ጠቅ፣ ሁለቱም ፓሮች በሥርዓት በሩ። በማግስቱ ማብሪያዋ ላይ ጥቁር ቴፕ ለጠፍኩባት። አዲስ የገዛችሁ ሰዎች ሌላ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ጀርባዋን እዩ።

ቀጥሎ አድራሻ። ዲኤምኤክስ እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ የተቀረጸ፣ ኮንሶል መብራቶችን የሚያዝበት ቋንቋ ነው፤ በአንድ ገመድ 512 ቻናል፣ እያንዳንዱ ቻናል ከ0 እስከ 255 ቁጥር። 192ቷ ከዚያ ግማሹን እንኳን አትነካም። እሷ የምታውቀው 12 መብራት፣ ለእያንዳንዱ 16 ቻናል ነው። የመጀመሪያው መብራት አድራሻ 1፣ ሁለተኛው 17፣ ሦስተኛው 33፣ እያለ አሥራ ሁለተኛው 177 ላይ ይቆማል። 7 ቻናል ብቻ ያለው ፓር ብትሰጧት የቀሩት ዘጠኙ ባዶ ይቀመጣሉ። 18 ቻናል የሚፈልግ ሙቪንግ ሄድ (ራሱን የሚያዞር መብራት) ከሰጣችኋት ደግሞ ሁለት ቁልፍ ይበላባችኋል። እኔ ሙቪንግ ሄዶቼን ከሜኑአቸው ገብቼ ወደ 16 ቻናል አወረድኳቸው፤ የጠፋኝ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ፓሮቼን ደግሞ ግራ፣ ቀኝ፣ ኋላ ብዬ በቡድን አንድ አድራሻ ሰጠኋቸው። ሰርግ ላይ ግራ ያሉትን አራት ፓሮች ለየብቻ የሚቆጥር እንግዳ እስካሁን አልገጠመኝም።

8 ፌደር ለ16 ቻናል ስለማይበቃ ገጽ ሀ እና ገጽ ለ የምትቀይር ቁልፍ አለች። ይህን ታገሡት፣ እጅ ይለምደዋል። የማይለመደው ሌላ ነው። ፌደሩ መብራቱ አሁን የት እንዳለ አያውቅም። ቀዩ 200 ላይ በርቶ ፌደሩ ታች ተኝቶ ከሆነ፣ ገና ስትነኩት መብራቱ ዝቅ ብሎ ፌደሩ ያለበት ቦታ ይወድቃል። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ይህ ሆኖብኛል፤ ቪዲዮው ላይ አለ፣ ሙሽራዋ ቀና ብላ ጣሪያውን ስታይ። ከዚያ ወዲህ ቀጥታ ሥራ ላይ ፌደር አልነካም። ሁሉን ነገር ቀድሜ ሲን (አንድ የተዘጋጀ የመብራት ገጽታ) አድርጌ አስቀምጬ ቁልፍ ብቻ ነው የምጫነው።

ሰርግ ላይ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ይህቺ ነገር ንግሥት ናት። 30 ባንክ፣ በእያንዳንዱ 8 ሲን፣ በድምሩ 240 ሲን ትይዛለች፤ ሲኖቹን እየተከታተሉ እንዲሄዱ የምትደረድሩባቸው 6 ቼዝ አሏት። እኔ ባንክ 1ን መግቢያ፣ ባንክ 2ን ምግብ፣ ባንክ 3ን ጭፈራ አድርጌያለሁ። ምግብ ላይ መብራቱ ለስለስ ማለት አለበት ብላችሁ የፈረንጅ ሬስቶራንት አታድርጉት። አንዴ እንዲያ አድርጌ አንድ የሙሽራው አጎት መጥተው «ልጄ፣ ምነው ጨለማ ውስጥ አስቀመጣችሁን? ወጡን ከዳቦው መለየት አቃተን እኮ» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ጭፈራ ላይ የምወዳት ቁልፍ ታፕ ናት። ሁለት ጊዜ ስትጫኗት በሁለቱ መሀል ያለውን ጊዜ ለክታ ቼዙን በዚያ ፍጥነት ታስኬዳለች። እዚህ ላይ የኛ ዘፈን የራሱ ጠባይ አለው። አብዛኛው ጭፈራችን በሦስት በሦስት የሚሄድ ምት ነው፤ የከበሮውን እያንዳንዱን ምት ተከትላችሁ ከመታችኋት መብራቱ ያብዳል፣ ሰው ዓይኑን ይይዛል። ትከሻው የሚወርድበትን ከባዱን ምት ብቻ ምቱ። እስክስታው ላይ መብራቱ ከትከሻ ጋር ሲሄድ አዳራሹ ይነሳል፣ ሌላ ጥበብ የለውም። በማይክ የምትሠራው የሙዚቃ ሞድ ግን እርሷት። ከውስጧ ያለው ማይክ ከበሮንና የመድረክ መሪውን ጉሮሮ አይለይም። ሰውየው «ሽማግሌዎቻችንን እናመሰግናለን» ባለ ቁጥር ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ።

መብራት ስለ መጥፋት። ማለቴ የመብራት ኃይሉን ነው። ጄኔሬተር እስኪነሳ ኃይሉ ጥቂት ሰከንድ ይጠፋል፤ ፓሮቹ ሲመለሱ 192ቷ ግን እንደ አዲስ ተነስታ ብላክአውት ላይ ትቆማለች፣ ቁልፉ እስኪጫን ድረስ ጨለማ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን የት እንደምጫን ጠፍቶኝ አዳራሹ ሙሉ ሰው በስልክ መብራት አበራልኝ። አሁን ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጠውን ትንሽ ዩፒኤስ (ኃይል ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ነው የምጠቀመው። ቮልቴጁና የሶኬቱ ጫፍ መገጣጠሙን አረጋግጡ እንጂ የምትጠጣው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ በደንብ ያቆያታል። ኃይል ሲመለስ ካለችበት ትቀጥላለች። ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ያልቆጨኝ ይሄ ነው።

ቲያትሩ ላይ ግን አዋረደችኝ።

አዘጋጁ ያስጻፈኝ 41 የመብራት ለውጥ ነበር። 5 ባንክ ሞልቶ 41ኛዋ ለብቻዋ ስድስተኛ ባንክ ላይ ወጣች። ይሄ ችግር አልነበረም። ችግሩ እናትየዋ ደብዳቤ የምታነብበት ቦታ ነው። አዘጋጁ «አንብባ እስክትጨርስ ቀስ ብሎ ይምሽ፣ ሰው መምሸቱን ሳያውቅ ይምሽበት» አለኝ። ሁለት ደቂቃ ነው። 192ቷ ደግሞ ሲን ቁልፍ ስትጫኗት ዘላ ነው የምትሄደው። የፌድ ፌደሯ የሚሠራው ቼዝ ውስጥ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ሁለት ደቂቃ አይደርስም። ስለዚህ በእጄ አደረግኩት። በአንድ ጣት ብርቱካናማውን ወደ ታች፣ በሌላው ሰማያዊውን ወደ ላይ፣ ትንፋሼን ይዤ። ላይ ላይ ሲሆን ያምራል። ታች፣ ከ20 በታች ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ቁጥር እንደ ደረጃ ይታያል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። 256 እርከን ብዙ ይመስላል እንጂ ጨለማ ውስጥ ዓይን እያንዳንዷን ይቆጥራል። ሦስተኛው ምሽት ላይ እጄ ተንቀጠቀጠና እናትየዋ ደብዳቤውን ሳትጨርስ ነጋባት።

በዚያው ሳምንት ላፕቶፕ ላይ ኪውኤልሲ ፕላስ የሚባል የመብራት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጫንኩ። ነፃ ነው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ ይሠራል። ከላፕቶፑ ወደ ዲኤምኤክስ የሚቀይር የዩኤስቢ ገመድ ብቻ ነው የገዛሁት። 41ዱን በተርታ ደረደርኩ፣ ለደብዳቤው 120 ሰከንድ ጻፍኩለት፣ ከዚያ በኋላ ሥራዬ አንድ ቁልፍ መጫን ሆነ። ለቲያትር የምትፈልጉት ይህንን ነው፤ ቅደም ተከተል፣ ለእያንዳንዷ የራሷ ጊዜ። ትልልቆቹን ኮንሶሎች መለማመድ የምትፈልጉ ደግሞ የግራንድኤምኤ3 የኮምፒውተር ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፤ የራሱ ዕቃ ከሌላችሁ መብራት አያበራም እንጂ ለመማር በቂ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ላፕቶፑ እንዳይተኛና ራሱን አፕዴት እንዳያደርግ ቀድማችሁ ዝጉት። ኮንሶል አይተኛም፣ ላፕቶፕ ይተኛል።

የስቱዲዮው ሥራ ሌላ ትምህርት ነበር፣ እዚያ ግን ጥፋቱ ሁሉ የሷ አይደለም። የበዓል ፕሮግራም ነው፤ ስምንት ሰው፣ ሁሉም ነጭ በነጭ የለበሱ። ዓይኔ ቆንጆ ነው አለ። ሞኒተሩ ላይ ስሄድ ነጠላው ተቃጥሎ ጥለቱ ጠፍቷል፣ ፊት ደግሞ ጨልሟል። ካሜራ ነጭ ልብስና ጠይም ፊት አንድ ላይ ስትሰጡት አንዱን ይመርጣል። ከፊት የሚመታውን መብራት ከፍ አድርጌ ከሰውነት ወደ ፊት ብቻ አጠበብኩት፣ የኋላውን ግማሽ ቀነስኩ። ከኋላ የነበረው ሰማያዊም መጥፋት ነበረበት፤ ነጠላ እንደ ስክሪን ነው፣ የሰጣችሁትን ቀለም ሁሉ ይይዛል፣ አንዲት ወይዘሮ ትከሻቸው ላይ ውኃ ሰማያዊ ሆነው ነበር።

ፊት ላይ ደግሞ ሦስቱንም ቀለም 255 አድርጋችሁ «ነጭ» ብላችሁ እንዳትተዉት። በኔ ፓሮች አመድ የመሰለ ፊት ነው የሚሰጠው። እኔ ቀይ 255፣ አረንጓዴ 140፣ ሰማያዊ 60 ላይ እጀምርና ሞኒተር እያየሁ አስተካክላለሁ። ራሱን የቻለ ሞቃት ነጭ ያለው ፓር ካገኛችሁ ግን ይህንን ሁሉ እርሱት።

ሌላው መርገብገብ ነው። ካሜራው በ25 ፍሬም፣ ሹተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ነው፤ የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ለተራ አምፖል ይሄ ይበቃል። ኤልኢዲ ግን ሲደበዝዝ የሚደበዝዘው በጣም እየፈጠነ በመብራትና በመጥፋት ነው፣ ርካሽ ፓር ደግሞ በቂ አይፈጥንም። ፌደሩን 40 ላይ ሳደርግ ሞኒተሩ ላይ ጥቁር መስመር ሽቅብ ይሄዳል። መፍትሔዬ ቀላል ነበር። ፌደሩን ከፍ አድርጌ መብራቱን አራቅኩት፣ የመብራቱ አፍ ላይ ነጭ ማለስለሻ ወረቀት አሠርኩ። የካሜራው ልጅም የሌንሱን ቀዳዳ ትንሽ ዘጋልኝ። መስመሩ ጠፋ።

ጥንካሬዋን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ብረቷ ደህና ነው። ፌደር 3 በስምንተኛው ወር ላይ መዝለል ጀመረ፤ አቧራ ነው፣ ፈትቼ በኮንታክት ክሊነር አጠብኩት፣ እስካሁን አለ። አዳፕተሯ ግን ቀድማ ሞታለች። የቁልፎቹ ጽሑፍ ከግማሽ በላይ ስለጠፋ በወረቀት ቴፕና በብዕር ነው የምንኖረው። ያስቀመጥኳቸው ሲኖች ኃይል ጠፍቶም አይጠፉም፤ የሚያጠፋቸው ሰው ነው። ረዳቴ የፕሮግራም ቁልፏ በርታ ሳያይ ሪከርድና ሲን አንድ ላይ ተጫነ፣ መብራቶቿ ሁሉ ሦስት ጊዜ ብልጭ አሉ፣ የሙሽሮች መግቢያዬ በባዶ ሲን ተተካ። የኔዋ ወደ ፍላሽ ቅጂ ማውጫ የላትም። አሁን እያንዳንዱ ሲን ቁጥሩ ደብተር ላይ አለ፤ እንደ ድሮ ባለሱቅ።

ደግሜ እገዛት እንደሆነ ለምትጠይቁኝ፣ ለሰርግና ለትንሽ ኮንሰርት ነገ እገዛለሁ። ለቲያትር በነፃ ቢሰጡኝም አልይዛትም። ለካሜራ ደግሞ ገንዘባችሁን ቀድማችሁ ጥሩ ፓር ላይ አውሉት።

የፊታችን ቅዳሜ ረዳቴ የመጀመሪያውን ሰርግ ለብቻው ሊሠራ ነው፤ እኔ ላፕቶፑን ይዤ ሌላ ቦታ ነኝ። 192ቷን፣ ዩፒኤሷን፣ ደብተሩን አስረከብኩት። እንዴት እንደሚያበራት ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ከጀርባ ያለውን ቴፕ እንዳይነቅል ብቻ ሦስት ጊዜ ነገርኩት።