የኮሌጅቪሉ የብራና ንባብ ክፍል፦ ምን ያገኙበታል፣ የት ላይ ያደክማል

ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ የከፈተው የንባብ ክፍል ለግእዝ አንባቢ ትልቅ ሀብት ነው፤ ያውም በነፃ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት አሉበት። ካታሎጉን ከሠሩት ዋነኛው ነፍስ ኄር ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ስለሆኑ መግለጫው ራሱ ቁጭ ብሎ የሚነበብ ነው።

አብዛኛውን ምስል ለመክፈት መጀመሪያ መመዝገብ ያስፈልጋል። ፍለጋው ላይ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ርዕሶቹ በብዛት በላቲን ፊደል ስለገቡ በግእዝ ፊደል ብቻ ፈልጎ «የለም» ብሎ መውጣት ስሕተት ነው። መጽሐፈ ሄኖክን የሚፈልግ ደግሞ የመጽሐፉን ዋና ርዕስ ብቻ አይይ፤ ሄኖክ ብዙ ጊዜ ከኢዮብ፣ ከዳንኤልና ከሌሎች የብሉይ መጻሕፍት ጋር ስለሚጠረዝ የይዘት ዝርዝሩ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ሄኖክን ያተረፈውም በኢትዮጵያ ከብሉይ መጻሕፍት ጋር ተቆጥሮ መገልበጡ ነው። በአራማይክ ተጽፎ ወደ ግሪክ ቋንቋ የተተረጎመ መጽሐፍ ነበር፤ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን በቀኖና ስላልተቀበለችው ገልባጭ አጣ። ብራና ውድ ነው፣ አንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይፈጃል፤ ለማይነበብ መጽሐፍ ማን ፍየል ያርዳል? ዛሬ ከአራማይኩ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኘ ቁርጥራጭ፣ ከግሪኩ ከፊሉ ብቻ ቀርቷል። ሙሉው የተገኘው በግእዝ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ ድረስ አውሮፓ እንደ ጠፋ ቆጥሮት ነበር። ከጥንታዊ ቅጂዎቹ አንዱ በዚህ የማይክሮፊልም ስብስብ ቁጥር 2080 ነው።

በትግራይ ያለውን የጉንዳ ጉንዶ ገዳም ስብስብም እዚያው ይክፈቱ። እነዚህ በኋላ በዲጂታል ካሜራ የተነሡ ባለ ቀለም ምስሎች ናቸው። የዚህ ገዳም መነኮሳት፣ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች የሆኑት ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እየተሳደዱ ገድላቸው እንዴት ቀረ ለሚል፣ መልሱ ግማሹ መልክዓ ምድር ነው፦ ገዳሙ በገደል የተከበበ፣ መንገዱ አስቸጋሪ ነው። ብዙ የተገለበጠ መጽሐፍ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል፤ ጥቂት ቅጂ ያለው ግን መሸሸጊያ ካላገኘ አበቃለት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ከነደዱት ስንቶቹ ብቸኛ ቅጂ እንደነበሩ ማን ያውቃል።

ወደ ማይክሮፊልሙ ስንመለስ፣ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ በቀይ ቀለም የተጻፉት አርእስትና ቅዱሳት ስሞች ፈዘው ይታያሉ። ስም ሲፈልጉ መስመሩ ላይ የሳሳውን ቃል አጉልተው ይዩት። ጥራዙ መሐል የገቡ ፊደላትም ይደበዝዛሉ፤ ለዚህ ሌላ ቅጂ ከማስተያየት በቀር መፍትሔ የለውም። በአንድ ምስል ላይ የአንዱ ቅጠል ጀርባና የሚቀጥለው ፊት ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ ከፊት የገበታው (የእንጨት ሽፋኑ) እና የመለያው ምስል ስላለ የምስሉ ቁጥርና የቅጠሉ ቁጥር አይገጥሙም። ካታሎጉ ቅጠል 45 ካለ ምስሉን ከ45ኛው ትንሽ ወዲያና ወዲህ ይፈልጉት።

የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሎችን አይዝለሉ፤ የርስት ውል፣ የንዋያተ ቅድሳት ዝርዝር፣ የባለቤቱ ስም የሚገኘው እዚያ ነው። በስልክ መክፈት ይቻላል፣ ግን ዐይን ይጎዳል፤ ምስሎቹም ከባድ ስለሆኑ በደካማ ኢንተርኔት ያናድዳሉ። ለጥናት ሲጠቅሱ የስብስቡን ቁጥር፣ ቅጠሉን፣ ፊት ወይም ጀርባ መሆኑን ይጻፉ። ምስሉን ለማሳተም ግን አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው።