ብርቱካንማ ፊት ያለው «ኤል 100» ጎንደር ላይ እየዞረ ነው፤ ሳትፈቱ እንዳትከፍሉ

ጎንደር ውስጥ የድሮ ስፒከር የምታፈላልጉ ሁሉ ልብ በሉ። ሰሞኑን ከአራዳ እስከ ፒያሳ በደላላ እጅ የሚዞር አንድ ጥንድ አለ። ፊቱ በትንንሽ ካሬ የተከፋፈለ ብርቱካንማ ስፖንጅ፣ ሳጥኑ የዋልነት እንጨት መሳይ፣ ከታች የአሜሪካው ስፒከር ሠሪ የጄቢኤል አርማ ያለበት፤ «ኤል 100» በሚለው የታወቀ ሞዴሉ ስም ነው የሚሸጠው። የሚጠየቅበት 380 ሺህ ብር ነው። ዕቃው ግን ጄቢኤል አይደለም።

የአጎቴ ልጅ ለሚከፍተው ቡና ቤት ሊገዛው ቀብድ ሰጥቶ ስለነበር ቀሪውን ከመክፈሉ በፊት አብረን ሄድን። ሻጩ ገና ቁጭ ሳንል ጀመረ፦ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የድሮው ጤና ኮሌጅ ፈረንጅ መምህር ትቶት የሄደ ነው። 50 ዓመቱ ነው፣ ኦሪጅናል!» እኔ ስፖንጁን ጫን አድርጌ ለቀቅኩት፤ እንደ አዲስ ፍራሽ ተመልሶ ተነፋ። የዚያ ዘመን ስፖንጅ ደግሞ ዕድሜ ሲጫነው እጅ ላይ ነው የሚፈረፈረው፤ ዛሬ ሙሉውን የሚገኘው በኋላ የተቀየረ ከሆነ ብቻ ነው። ይህን ስናገር ሰውዬው ትንሽ አሰበና «እሺ፣ አዲሱ ክላሲክ ነው፤ ከዱባይ የገባ» አለን። በአንድ ቀጠሮ ውስጥ ዕቃው 50 ዓመት ወጣት ሆነ።

ካቻቢቴ ይዤ ስለነበር ትልቁን ዊፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር) ፈታሁት። ማግኔቱ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን አያክልም። ሳጥኑ ከውስጥ ሲታይ ስስ ቺፕቡድ ነው፤ የውጩ «እንጨት» የተለጠፈ ወረቀት ሲሆን ጥጉ ላይ በጥፍር ተነስቷል። በጣም ያናደደኝ ግን መካከለኛው ስፒከር ነው፤ ከኋላው አንድም ሽቦ አልተያያዘም። ለዓይን ብቻ የተቀመጠ ጌጥ ነው። ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ማስተካከያዎችም እስከ ጥግ ብታዞሯቸው ድምፁ ቅንጣት አይለወጥም።

አሁን የምጽፈው በስሙ ለምትማረኩት ነው፤ ስሙ ማርኮን ነውና የምንሸወደው። እውነተኛው ኤል 100 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ ናቸው) 4310 የሚባለው የስቱዲዮ ሞኒተር፣ ማለትም የቀረጻ ባለሙያዎች የሚያዳምጡበት ስፒከር፣ የቤት መልክ ነበር። በ2018 ደግሞ ኩባንያው ራሱ «ኤል 100 ክላሲክ» ብሎ መልኩን መልሶ አወጣው፤ ሲወጣ የጥንዱ ዋጋ 4,000 ዶላር ነበር። ስለዚህ በዚህ ስም ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ዕቃ ልታገኙ ትችላላችሁ፦ አሮጌው፣ ኩባንያው መልሶ ያወጣው፣ እና ይህ ሰሞነኛ ፎርጅድ።

ሁለቱ እውነተኞችም ቢሆኑ አንድ አይደሉም። ጎንደር ያለን የድሮ ድምፅ ወዳጆች ቡና ላይ የማንስማማበትም ይኸው ነው። በአሮጌው ላይ ባለ 12 ኢንቹ ዊፈር እስከ 1,500 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ ድረስ ይዘልቃል፤ ከፍ ያለውን ድምፅ የሚቆርጥበት የሽቦ ጥቅል እንኳ የለውም። በአዲሱ ግን ባለ 5 ኢንቹ መካከለኛ ስፒከር ከ450 ኸርዝ ጀምሮ ይረከበዋል። ይህ ተራ ቁጥር እንዳይመስላችሁ። የዘፋኝ ድምፅና ማሲንቆ አብዛኛው ጉዳያቸው በዚህ መሃል ነው ያለው። አሮጌው ላይ ዘፋኙ ከትልቁ ወረቀት፣ ከደረቱ ነው የሚዘፍነው፤ አዲሱ ላይ ጠርቶ፣ ግን ቀጠን ብሎ ይመጣል። ቱዊተሩም (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ከወረቀት ወደ ቲታኒየም ተቀይሯል። ማግኔቱ ድሮ አልኒኮ ነበር፤ አልኒኮ የሚባለው የማግኔት ብረት ደግሞ ኮባልት ይፈልጋል፤ በ1978 የዛየር (የዛሬዋ ኮንጎ) ሻባ ግዛት በጦርነት ስትታመስ የኮባልት ዋጋ ናረና ስፒከር ሠሪዎች በገፍ ኮባልት ወደማይፈልገው የፌራይት ማግኔት ዞሩ። በኮንጎ ጦርነት የተነሳ የካሊፎርኒያ ስፒከር ተለወጠ ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም።

«ኦሪጅናል ካልሆነ ሞቼ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ አልስማማም። የማሲንቆው ደጋን ጭራውን ሲፍቅ የሚሰማውን ያንን ሻካራ ነገር አዲሱ የተሻለ ያወጣዋል። ከበሮና ሳክስፎን ሲመጣ ግን ለአሮጌው እጄን እሰጣለሁ። አዲሱ ጥሩ ስፒከር ነው፤ የማይዋጥልኝ የትዝታ ዋጋ ተጨምሮበት ሲሸጥ ነው። የ1970ውን ድምፅ ፈልጎ የ2018ቱን የሚገዛ ሰው፣ ዕቃው እውነተኛ ቢሆንም እንኳ የፈለገውን አላገኘም።

ነገሩ የጄቢኤል ብቻ አይደለም። ዋርፍዴል የ1965ቱን ሊንተን ስም በ2019 መልሶታል፤ ኬኤልኤች የ1968ቱን ሞዴል ፋይቭ በ2021። ክሊፕሽ ሄረሲ ከ1957 ጀምሮ ያለ ስም ነው፤ ግን ያኔ ሳጥኑ ድፍን ነበር፣ አራተኛው ትውልድ ላይ ከኋላው የአየር ቀዳዳ ተከፍቶለታል። «ያው ሄረሲ ነው» የሚላችሁ ሻጭ ካለ ስፒከሩን አዙረው በሉት።

አሁን ወደ ገበያው። መጀመሪያ አንሱት። እውነተኛው ኤል 100፣ አሮጌም ሆነ አዲስ፣ አንዱ ብቻ 25 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ ነው፤ በአንድ እጅ ብድግ ካለላችሁ ወሬ አታብዙ፣ ውጡ። ስፖንጁን አስነስታችሁ ቁጠሩ፤ ሦስት ስፒከር መኖር አለበት፣ ትልቁም 12 ኢንች ነው፣ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሙዚቃ አስከፍቱና ጆሯችሁን ለእያንዳንዱ አስጠጉ፤ መካከለኛው ዝም ካለ ወይ ተቃጥሏል ወይ እኛ እንዳየነው ጌጥ ነው። ማስተካከያዎቹን አዙሩ። ከዚያ ዊፈሩ ይፈታ በሉ። «ዋስትናው ይበላሻል» የሚል መልስ ከመጣ የዋስትናውን ወረቀት ጠይቁ፤ የ50 ዓመት ዕቃ ዋስትና የለውም፣ አዲስ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ይኑር።

እውነተኛውን ክላሲክ ብታገኙም አምፕሊፋየራችሁን እዩ። አሮጌው 8 ኦም ነበር፤ ክላሲኩ 4 ኦም ነው (ኦሙ ሲያንስ አምፕሊፋየሩ ላይ ጫናው ይበዛል)። ከገበያ የተገዛ ትንሽ አምፕሊፋየር በ4 ኦም ላይ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስታመሹበት ይግላል፣ ይቃጠላልም። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ያለ ስታቢላይዘር አትሞክሩት።

የአጎቴ ልጅ 40 ሺህ ብር ቀብድ ሰጥቷል። ወረቀት የለም፤ ምስክር ብሎ የጠራው ደላላውን ነው፣ ደላላው ደግሞ ኮሚሽኑን ከሻጩ የሚቀበል ሰው ነው። ሻጩ «ሌላ ገዢ ሳገኝ እመልሳለሁ» ብሎ ይኸው ስልክ ማንሳት ትቷል። ሌላ ገዢ ማለት ከእናንተ አንዱ ነው። ቀብድ መስጠት ግድ ከሆነባችሁ የዕቃው ሞዴልና ከጀርባው ያለው የሁለቱም ሴሪያል ቁጥር የተጻፈበት፣ «ተፈቶ ታይቶ ካልሆነ ይመለሳል» የሚል ውል ከሻጩ ፊርማ ጋር ያዙ፤ ገንዘቡንም በጥሬው ሳይሆን በባንክ፣ በራሱ በሻጩ ስም አስገቡ። በሰው ስም አስገቡልኝ ካለ እዚያው ላይ ተዉት።