ትሪፕ ክሬዲት ወይስ ፍላይት ክሬዲት? የአሜሪካን ኤርላይንስ ቫውቸር ቀኑ ሳያልፍበት

አሜሪካን ኤርላይንስ በገንዘብ ፈንታ የሚሰጠው ክሬዲት ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። ብዙ ሰው ገንዘቡ የሚቃጠልበት ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚቆጥር ነው። መጀመሪያ በኢሜይል የመጣውን ቁጥር ተመልከቱ። 13 አሃዝ ሆኖ በ00115 ከጀመረ ትሪፕ ክሬዲት ነው።

ትሪፕ ክሬዲት ከልብ የሚመሰገን ነው። የተሰጠው ለእናንተ ቢሆንም ለእህት፣ ለጓደኛ፣ ለማንም ትኬት ይቆረጥበታል። በአንድ ክፍያ እስከ 8 ድረስ መደመር ይቻላል። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ የተጻፈው ቀን የመቁረጫ እንጂ የመብረሪያ ቀን አለመሆኑ ነው። አየር መንገዱ እስከ 331 ቀን ድረስ አስቀድሞ ስለሚሸጥ፣ በዚህ ሳምንት የሚያበቃ ክሬዲት ከአሥር ወር በኋላ ላለ ሠርግ ይደርሳል። የአድቫንቴጅ (የአየር መንገዱ የደንበኞች የነጥብ ፕሮግራም) አባል 12 ወር ሲሰጠው አባል ያልሆነ 6 ወር ብቻ ያገኛል፤ መመዝገቡ ደግሞ በነፃ ነው።

ፍላይት ክሬዲት ግን ጠበቅ ያለ ነው። ትኬት ሰርዛችሁ የቀረ ሒሳብ ሲሆን የሚያገለግለው ስሙ ላለበት ተጓዥ ብቻ ነው። አንድ ዓመቱ የሚቆጠረው ከሰረዛችሁበት ቀን ሳይሆን ትኬቱ መጀመሪያ ከተቆረጠበት ቀን ነው። ጥር ላይ ተቆርጦ ጥቅምት ላይ የተሰረዘ ትኬት የሚቀረው ሦስት ወር ገደማ ነው። ሁለቱም ካላችሁ መጀመሪያ ይህን ጨርሱ። በጉዞ ወኪል በኩል የተገዛ ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ ወደ ወኪሉ ደውሉ።

የእኛ ሰው በብዛት የሚቸገረው ስም ላይ ነው። ፓስፖርቱ ላይ «ወልደ ሚካኤል» ተለያይቶ ተጽፎ ትኬቱ ላይ «ወልደሚካኤል» ተብሎ ይጣበቃል፤ ወይም የአባት ስም በአያት ስም ቦታ ይገባል። ድረ ገጹ «አልተገኘም» ካለ ክሬዲቱ ጠፍቷል ብላችሁ አትደንግጡ። የቀድሞውን ትኬት ኢሜይል ከፍታችሁ ስሙን እዚያ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል አስገቡ። ካልሆነ በስልክ ያስተካክሉታል፤ ለዚህም ሲባል እስከ መጨረሻው ሌሊት አትጠብቁ።

ክሬዲቱ የሚከፍለው ዋጋውንና ታክሱን ነው፤ ሻንጣና መቀመጫ አይከፍልም። ቤዚክ ኢኮኖሚ በሚባለው ዝቅተኛ የትኬት ዓይነት ላይም አታውሉት፤ ርካሽ ቢመስልም ሐሳብ ከተለወጠ ቀን መቀየር ስለማይቻል ገንዘቡ በአብዛኛው እዚያው ይቀራል።

ወደ አዲስ አበባስ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስታር አልያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ጥምረት አባል፣ አሜሪካን ኤርላይንስ ደግሞ ዋንወርልድ የሚባለው የሌላ ጥምረት አባል ስለሆነ የኢትዮጵያን በረራ በዚህ ክሬዲት እገዛለሁ ብላችሁ አታስቡ። የሚያዋጣው አማራጭ ከምትኖሩበት ከተማ እስከ ዋሽንግተን ያለውን መንገድ በክሬዲቱ መሸፈን ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካን ኤርላይንስ በረራዎች በብዛት የሚያርፉት ሬገን በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ የኢትዮጵያ የሚነሳው ደለስ ከሚባለው ሌላ ማረፊያ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። ስትፈልጉ መድረሻውን «ዋሽንግተን» ብላችሁ አትተዉት፤ ደለስን ለይታችሁ ምረጡ። ትኬቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም፤ ሻንጣውንም ተቀብላችሁ እንደገና ማስረከብ ይኖርባችኋል። በዋዜማው መግባት ይሻላል።

በረራውን የሰረዘው አየር መንገዱ ራሱ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት በረራው ከተሰረዘ፣ ወይም የአገር ውስጡ በ3 ሰዓት፣ ዓለም አቀፉ በ6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከተለወጠና ሌላ አማራጭ ካልተቀበላችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል። በ2024 የወጣው ሕግ በዚህ ገንዘብ ፈንታ የሚሰጥ ቫውቸር ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲያገለግል ያዛል። ቢሆንም በስልካችሁ ላይ «ክሬዲት ተቀበል» የሚል ቁልፍ ሲመጣ ቸኩላችሁ አትጫኑ። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ገንዘቡ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊመለስለት ይገባል።