ባለ 5.4 ሊትር ፎርድ ኤፍ-150 ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሞተሩ ሳይግል እንዳትፈርሙ

ወገኖች፣ በተለይ እዚህ አሜሪካ ለዕቃ ማመላለሻ ወይም ለግንባታ ሥራ ፒካፕ የምትፈልጉ፣ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ። በየሎቱ (በየአሮጌ መኪና መሸጫ ግቢው) «ጉልበተኛ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ዋጋው ለናንተ ነው» እየተባለ የሚቀርብ መኪና አለ፤ ከ2004 እስከ 2010 የተሠራው ፎርድ ኤፍ-150፣ ባለ 5.4 ሊትር ትራይተን ሞተሩ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መኪናው አይረባም አላልኩም። በደንብ የተያዘው ዛሬም ተጎታች እየጎተተ ይሠራል። ነገር ግን ርካሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሻጮች ደግሞ ያንን ምክንያት እንዴት ለአንድ ሰዓት ዝም እንደሚያሰኙት ያውቁበታል።

በቅርቡ አንድ የሰፈራችን ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ ትንሽ ሎት የ2006ቱን ገዛ። ሻጩ ጠዋት ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሳለት፣ ኮፈኑን ከፍቶ «ስማ፣ ምን ድምፅ አለው?» አለው፣ ሎቱን አንዴ አዙሮት አጠፋው። ልጁ ፈርሞ ወጣ። ሀይዌይ ላይ ምንም የለም። ከመውጫው ወርዶ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ጀመረ፤ ጠክ ጠክ ጠክ። የቤንዚን ሞተር ሆኖ ሳለ እንደ አሮጌ ኢሱዙ ያንኳኳል። ጋዝ ሲሰጠው ይጠፋል፣ ሲቆም ይመለሳል።

ወደ ጓደኛችን ገራዥ ወስደን ዘይቱን አስወረድነው። የጋለ ሞተር ዘይት ቀጥኖ ቱር ብሎ ነው መውረድ ያለበት፤ ይሄኛው እየተጎተተ ወረደ። ለዚህ ሞተር የታዘዘው 5ደብሊው-20 ቀጭን ዘይት ነው። ሎቱ ውስጥ ግን ድምፁን ለማፈን ወፍራም ዘይት ሞልተውበታል። መጨረሻ ላይ ከጠብታው ጋር ጥፍር የምታህል የፕላስቲክ ስባሪ ወጣች። መካኒኩ በጣቱ አንስቶ አየና «የካቴናው መሪ ነው» አለ፤ ሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን ካቴና (ሰንሰለት) መንገድ የሚያስይዘው ፕላስቲክ ማለቱ ነው። ሌላ ምርመራ አላስፈለገም።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሞተሩ ቪ8 ነው፣ 5,408 ሲሲ፣ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታዎቹ (ቫልቮቹን የያዙት የሞተሩ የላይ ክፍሎች) አልሙኒየም። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሦስት ቫልቭ አለው፤ ሁለቱ ማስገቢያ፣ አንዱ ማስወጫ፣ በድምሩ 24። በ2004 ሲወጣ 300 የፈረስ ጉልበት በ5,000 ዙር፣ 365 ፓውንድ-ፉት ጉተታ በ3,750 ዙር ይሰጥ ነበር፤ ለጊዜው የሚናቅ አልነበረም። ይህንን ለማግኘት በሁለቱ ካምሻፍቶች (ቫልቮቹን በሚከፍቱት ዘንጎች) ጫፍ ላይ ፌዘር የሚባል ዕቃ ገጠሙለት። ሥራው የቫልቮቹን መክፈቻና መዝጊያ ሰዓት እንደ ሁኔታው ማስቀደምና ማዘግየት ነው። የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ሌላ ምንም ሳይሆን የሞተሩ ዘይት ግፊት ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ካቴናዎቹን የሚወጥሩት ቴንሽነሮች አካላቸው ፕላስቲክ ነው፤ ከጊዜ ብዛት ማሸጊያቸው ይፈነዳና ዘይት ያፈሳሉ። ወደ ላይ፣ ወደ ቴስታታው መድረስ የሚገባው ግፊት መንገድ ላይ ይቀራል። ፌዘሩ በቂ ግፊት ሲያጣ መያዝ ያቅተዋል፣ ወዲያ ወዲህ እየተላጋ ያንኳኳል። የላላው ካቴና በበኩሉ የፕላስቲክ መሪውን እየመታ ይሰብረዋል፤ ስባሪው ወደ ታች ወርዶ የዘይት ፖምፑን መሳቢያ ወንፊት ይዘጋል፣ ግፊቱ ጭራሽ ይወርዳል። አንዱ ሌላውን ይጎትታል ማለት ነው። ዘይት በወቅቱ ያልተቀየረለት ከሆነማ፣ ወደ ፌዘሩ የሚሄደውን ዘይት የሚቆጣጠሩት ሶሌኖይዶች ወንፊታቸው ደቃቅ ስለሆነ በቆሻሻ ይደፈናሉ።

ድምፁ ለምን ሲግል ብቻ? ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ነው፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ሁሉንም ነገር ይደግፋል። ሞተሩ ሲግልና ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው ቆሞ እየሠራ) ሲሆን ዘይቱም ይቀጥናል፣ ፖምፑም ዝግ ብሎ ይዞራል። ግፊቱ ከሁሉ የሚያንሰው ያኔ ነው። ሻጩ ጠዋት ብቻ የሚያስነሳላችሁ ለዚህ ነው።

«ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ግፊት ጌጅ አለ እኮ፣ መሐል ላይ ነው የቆመው» የሚላችሁ ይኖራል። አትመኑት። ከ2004 እስከ 2008 ባለው ኤፍ-150 ያ መርፌ እውነተኛ መለኪያ አይደለም። የሚያዘው አንድ ተራ ስዊች ነው፤ ጥቂት ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) እስካለ ድረስ መሐል ላይ ይቆማል። ግፊቱ ግማሽ ቢወርድም መርፌው ንቅንቅ አይልም። እውነቱን ማወቅ የሚቻለው ስዊቹን ፈትቶ የመካኒክ ጌጅ በመግጠም ነው።

ጥገናው ቀላል አይደለም። የፊት ሽፋኑ፣ የላይ ክዳኖቹ ሁሉ ይወርዳሉ፤ ፌዘሮች፣ ካቴናዎች፣ መሪዎች፣ ቴንሽነሮች፣ የዘይት ፖምፕ አብረው ይቀየራሉ። ብዙ ጊዜ ከ2,000 ዶላር ይዘላል። ፌዘር ብቻ ቀይሮ የሚመልስላችሁ መካኒክ ካለ ገንዘባችሁን በልቷል፤ ግፊቱን ያፈሰሰው ቴንሽነር እዚያው አለ። ልምድ ያላቸው ሰዎች በፕላስቲኩ ቴንሽነር ፋንታ ለቀድሞው ባለ ሁለት ቫልቭ ሞተር የተሠራውን የብረት ቴንሽነር ይገጥማሉ።

ካንዴላውም ሌላ ጉድ ነው። እስከ 2007 መጨረሻ አካባቢ የተሠሩት ሞተሮች ካንዴላቸው ረጅምና ከሁለት ክፍል የተጋጠመ ነው። የታችኛው ክፍል በካርቦን ቴስታታው ላይ ይጣበቅና ሲፈታ ለሁለት ይሰበራል፤ ግማሹ ቁልፉ ላይ ይወጣል፣ ግማሹ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ስባሪውን ለማውጣት ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው የተሠራለት። ፎርድ ራሱ ለገራዦች ባወጣው መመሪያ ትንሽ ፈትቶ፣ ማጽጃ ፈሳሽ አፍስሶ፣ ጠብቆ፣ ወዲያ ወዲህ እያሉ ማውጣት ነው የሚለው። ስለዚህ «ካንዴላ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ርካሽ ነው» ሲሏችሁ ስምንቱንም አስቡ። ካንዴላ ተቀይሯል የሚል ደረሰኝ ያለው መኪና ካገኛችሁ ግን ትልቅ ነገር ነው።

የቀሩትን ባጭሩ። ሲነሳ ጠክ ብሎ ሲግል የሚጠፋ ድምፅ ከሰማችሁ ብዙውን ጊዜ የተሰበረ የጭስ ማስወጫ ማኒፎልድ ቡሎን ነው፤ ያናድዳል እንጂ ሞተር አይገድልም። መኪናው መንገድ ላይ ድንገት የሚጠፋ ወይም አልነሳ የሚል ከሆነ ደግሞ ከስኮርታ ጎማው በላይ ሻንሲው ላይ የታሰረውን የነዳጅ ፖምፕ መቆጣጠሪያ ሞጁል እዩት፤ በጨው መንገድ በሚነዳበት አካባቢ ዝገት ይበላዋል። ቀለል ያለ የኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው ዕቃ) ቲክ ቲክ ግን ለዚህ ሞተር የተለመደ ነው፣ አያስደንግጣችሁ።

ልጁ በማግስቱ መኪናውን ሊመልስ ሄዶ ነበር። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» ብለውት ነበርና። አይቻልም! በእኛ ሰው መካከል ይህ ወሬ ለምን እንደማይሞት አላውቅም። ከዲለሩ ቋሚ ቦታ ሄዳችሁ ለገዛችሁት መኪና የሦስት ቀን መመለሻ የሚሰጥ የፌዴራል ሕግ የለም። ያለው ባየርስ ጋይድ የሚባለው ወረቀት ነው፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዲለሮች የሚሸጡት አሮጌ መኪና ላይ እንዲለጥፉት ያዛል። እዚያ ላይ «አዝ ኢዝ» (እንዳለ፣ ያለ ዋስትና) የሚለው ሳጥን ምልክት ከተደረገበትና ስቴቱ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከሎቱ ከወጣችሁ በኋላ ያለው ጥገና የናንተ ነው። በቃል የተገባላችሁን ሁሉ በጽሑፍ አስፍሩ የሚለውም እዚያው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በራሳችሁ መካኒክ ማስመርመር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ ይላል፤ ጠይቁ። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ለማየት ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። አስቀድማችሁ ደውላችሁ ሞተሩን እንዳያስነሱት ንገሯቸው፣ ቀዝቃዛ አነሳሱን ራሳችሁ ስሙ፤ ለጥቂት ሰኮንድ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ካቴናው ላልቷል። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ሀይዌይንም ጨምራችሁ ንዱት። ስትመለሱ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ ማርሹን ዲ ላይ ተዉት፣ መስኮት ዝቅ አድርጉ። አብሯችሁ የሄደው ሰው በፊት ጎማዎቹ በኩል ያዳምጥ፤ ከጎን ይቁም እንጂ ከፊት አይቁም። ዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ፣ በምን ዓይነት ዘይት እንደተቀየረም ደረሰኝ ጠይቁ። የብልሽት ኮድ የሚያነብ ትንሽ ስካነር ካላችሁ ሰኩበት። ፒ0011፣ ፒ0012፣ ፒ0021፣ ፒ0022 ከወጡ የፌዘሩ ወገን ናቸው። ምንም ኮድ ሳይኖር «ሬዲነስ» በሚለው ገጽ (መኪናው ራሱን መፈተሹን የሚያሳየው) አብዛኛው ዝግጁ አይደለም ካለ፣ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሏል ማለት ነው።

የትኛው ሞተር እንደሆነ ከቪን ቁጥሩ (የመኪናው መለያ ቁጥር) ታውቃላችሁ፤ ስምንተኛዋ ምልክት 5 ወይም የእንግሊዝኛዋ ፊደል ቪ ከሆነች ይሄው 5.4 ነው። ከባድ ነገር የማትጎትቱ ከሆነ እኔ ብሆን ከ2004 እስከ 2008 ከወጡት ውስጥ ባለ 4.6 ሊትሩን፣ ባለ ሁለት ቫልቩን እመርጣለሁ፤ ስምንተኛዋ ደብሊው ናት። ጉልበቱ ያንሳል፣ ግን ፌዘር የሚባል ነገር የለውም። በ2009 እና 2010 ግን ተጠንቀቁ፣ ያኔ 4.6ቱም ባለ ሦስት ቫልቭ መጥቷል፣ ፌዘርም አለው። ከ2011 ጀምሮ ኤፍ-150 ላይ 5.4ቱ ቀርቶ ባለ 5.0 ሊትሩ ገብቷል፤ ኤክስፔዲሽንና ሊንከን ናቪጌተር ግን እስከ 2014 ይህንኑ 5.4 ይዘው ቆይተዋል፤ የቤተሰብ መኪና ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ።