ባለ ሦስት ድርቡ የበቆሎ ከረጢት፦ ከጥር እስከ ነሐሴ ማቆየት ያዋጣል?

በጎጃም፣ ከቡሬና ወምበርማ እስከ ጃቢ ጠህናን፣ ሜጫና ደቡብ አቸፈር ድረስ ባሉት በቆሎ አብቃይ ወረዳዎች ገበሬው ጥር ላይ በርካሽ ሸጦ ነሐሴ ላይ በውድ የሚገዛው ሒሳቡ ጠፍቶት አይደለም። የሚያስሸጡት ሁለት ናቸው፤ ዕዳና ነቀዝ። «ፒክስ» የሚባለው አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዙን በደንብ ይችለዋል። ዕዳውን ግን አይነካውም። ስለዚህ ከረጢቱን «ነቀዝ ይገድላል ወይ?» ብሎ ብቻ መገምገም ግማሽ ሥራ ነው። ይገድላል። ዋናው ጥያቄ ስንት ኩንታል፣ ለስንት ወር፣ በምን ዓይነት ዓመት ቢያዝ ትርፍ ይኖረዋል የሚለው ነው።

ከረጢቱ ሦስት ክፍል አለው። ከውጭ የተለመደው የተሸመነ ጆንያ (ማዳበሪያ)፣ ከውስጥ ደግሞ አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ወፍራም ላስቲኮች። የእያንዳንዱ ላስቲክ ውፍረት 80 ማይክሮን ነው። 50 እና 100 ኪሎ የሚይዙ አሉ። መጀመሪያ የተሠራው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሜሩን ለአተር መሰል ጥራጥሬ ማቆያ ሲሹ ነው፤ ለበቆሎ የዋለው ኋላ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ የሚበላሸውም አሠራሩ ባልገባው ሰው እጅ ነውና። «ነቀዝ ከወዴት መጣህ ቢሉት ከዚያው ከባቄላው» የሚባለው ለበቆሎም እውነት ነው፤ ነቀዙ እንቁላሉን የሚጥለው ገና በማሳ ላይ፣ አገዳው ሳይቆረጥ ነው። ጫፉን ሽፋኑ በደንብ የማይከድነው ዝርያ ሲሆን ይብሳል። ከረጢቱ ሲታሰር ከእህሉ ጋር የገባው ነቀዝ ውስጥ ያለችውን ኦክስጅን በቀናት ውስጥ ተንፍሶ ይጨርሳታል። ኦክስጅን ሲያንሰው መብላት ያቆማል። ደረቅ እህል ውስጥ ያለ ነቀዝ ውኃ የሚያገኘው ምግቡን በሰውነቱ ውስጥ በኦክስጅን እያቃጠለ ስለሆነ መጨረሻው በጥማት ደርቆ መሞት ነው። መድኃኒት የለም፣ ኪኒን የለም። ሥራውን የሚሠራው መዘጋቱ ብቻ ነው፤ አየር ካገኘ ከተራ ጆንያ አይሻልም።

ነቀዙን የሚገድለው መዘጋቱ ከሆነ፣ እህሉን የሚያበላሸው እርጥበቱ ነው። በቆሎ ወደ ከረጢቱ ሲገባ እርጥበቱ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። እርጥብ ከገባ መውጫ የለውም፤ ተራ ጆንያ ውስጥ ቀስ እያለ ይደርቅ የነበረው እዚህ ታፍኖ ይሻግታል፣ ይኮመጥጣል። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት የጨው ሙከራ አለ። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ ሙሉት፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩበት፣ ክደኑና ደጋግማችሁ ናጡት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሙከራው የሚይዘው ከ15 በመቶ ገደማ በላይ ያለውን እርጥበት ነው፤ ጨው አልተለጠፈም ማለት 13 ደርሷል ማለት አይደለም። ጨው ካልያዘ በኋላም ሸራ ላይ ስስ አድርጎ አስጥቶ፣ እያገላበጡ፣ ተጨማሪ ሁለት ጥሩ ፀሐይ መስጠት ነው። ማታ ጤዛ ሳይነካው ይሰብሰብ፤ ትኩሱን ግን አትክተቱት፣ ጥላ ውስጥ ይብረድ።

ማድረቅ በሚዛን ላይ የሚያስከፍለውን ብዙ ሰው አያሰላውም። በ16 በመቶ እርጥበት 100 ኪሎ የመዘነ በቆሎ 13 ሲደርስ 96.5 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከ18 የጀመረው 94 ይገባል። ጥር ላይ ገበያ ሲወጣ እርጥበቱም አብሮ ተመዝኖ ይሸጣል፤ የሚያቆየው ሰው ግን ይቺን ሦስት ተኩል ኪሎ ከኪሱ ይከፍላል። ትርፉን ሲያስብ ይቀንሳት።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ከመሙላት በፊት እያንዳንዱን ላስቲክ አየር ሞልቶ አፉን ጨብጦ ጫን ማድረግ፤ የሚያፈስ ካለ ጉንጭ ላይ ይሰማል። እህሉ ተነፍሶ፣ በሰፌድ ተበጥሮ፣ የቆረቆንዳ ስባሪ ተለቅሞ ይግባ። ላስቲክ ከሚበሱት ነገሮች ስለታማ የቆረቆንዳ ስባሪ አንዱ ነው። የውስጠኛው ላስቲክ በሁለተኛው ውስጥ፣ ሁለቱም በማዳበሪያው ውስጥ ይዘረጉ። ትንሽ እህል ጨምሮ ታች ያሉትን ማዕዘኖች መግፋት፣ ከዚያ እየጨመሩ እየጠቀጠቁ መሙላት። ለማሰሪያ አንድ ክንድ ያህል አፍ ይተረፍ። ከእህሉ በላይ ያለውን አየር በእጅ ጨምቆ አውጥቶ የውስጠኛውን ላስቲክ አፍ እስኪጠጥር መጠምዘዝ፣ ወደ ታች ማጠፍና ማሰር፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን ለብቻው፣ መጨረሻ ማዳበሪያውን ለብቻው። ለማሰሪያ በስሱ የተቀደደ የመኪና ካላማዳሪያ የሚያህል የለም፤ ሲባጎ ግን ይላላል። ሦስቱን ባንድ ላይ ሰብስቦ ማሰር ሥራ የሚያቃልል ይመስላል፤ በእጥፋቶቹ መሃል አየር እንዲገባ መንገድ መተው ነው።

ከረጢቱ መሬት ላይ አይቀመጥም። የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ ከማይመታው ቦታ። አይጥ ትልቁ ጠላት ነው፤ ላስቲኩ የአይጥ ጥርስ አይችልም። ድመት ይኑር፣ ቤቱ ይጠረግ፣ የፈሰሰ ፍሬ ሌሊቱን አያድር። ቢያንስ ሁለት ወር ሳይከፈት ይቆይ። ለማየት ብሎ በየሳምንቱ መክፈት የቀሩትን ነቀዞች እስትንፋስ መስጠት ነው። ለምግብ የሚሆነውን በ50 ኪሎ መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ በወር አንድ ኩንታል የሚፈጅ ቤት የተከፈተውን በ15 ቀን ይጨርሰዋል፤ ሌሎቹ እንደተዘጉ ይቆያሉ። ገበያ ሲወጣም እህሉ ወደ ተራ ጆንያ ይገልበጥ፤ አህያ ላይ የተጫነ ላስቲክ ከጭነቱ ገመድ አይተርፍም።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 የአፍሪካ አገሮች፣ በ193 ገበያዎች ላይ የተሠራና በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት የበቆሎ ዋጋ በዓመቱ ውስጥ ዝቅ ከሚልበት ወር ከፍ እስከሚልበት ወር በአማካይ 33 በመቶ እንደሚለያይ አሳይቷል። ለስሌት ያህል የጥር ወርን ዋጋ 100 እንበለው፤ ክረምት ላይ 133 ሆነ። የደረቀው እህል 96.5 ኪሎ ስለሆነ የሚገኘው 128 ነው። ከረጢቱ የኩንታል በቆሎን 5 በመቶ ያህል አውጥቶ ሦስት ዓመት ቢያገለግል ለአንዱ ዓመት 1.7 ይደርሳል። ገንዘቡ ስድስት ወር ታስሮ በወር 1.5 በመቶ ወለድ ቢታሰብ 9። የሚተርፈው ወደ 18 ነው። ያው እህል በተራ ጆንያ ተቀምጦ ነቀዝ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ቢበላና ነጋዴው ስለ ብሳቱ ከዋጋው 10 በመቶ ቢቆርጥስ? 133 የነበረው 104 ይሆናል፤ ወለዱ ሲነሳ ኪሳራ ነው። ገበሬው ጥር ላይ መሸጡ ትክክል የነበረው ለዚህ ነው፤ እህሉ ከመበላሸቱ በፊት ያወጣው ነበር።

በዚሁ ስሌት ዋጋው ቢያንስ 15 በመቶ ካልጨመረ ማቆየቱ አያዋጣም። የማይጨምርበት ዓመት ደግሞ አለ። በ1993 እና 1994 ዓ.ም. አገሪቱ በተከታታይ ጥሩ ምርት አግኝታ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ፤ ያቆየም ያላቆየም ተጎዳ። በ1995 ድርቅ መጣና ዋጋው ተገለበጠ። በደንብ የደረቀና ያልተከፈተ በቆሎ ከዓመት በላይ ስለሚቆይ፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሚቀጥለው ክረምት ማሳደር ከረጢቱ የሚሰጠው ትልቅ አቅም ነው። መንገድ ተዘግቶ ገዢ ሲጠፋና ዋጋ አውድማ ላይ ሲረክስም እንደዚሁ።

ዕዳው ግን እዚያው አለ። የማዳበሪያ ብድር፣ ግብር፣ የጥር ሠርግ፤ ከረጢት ያለውም ቢሆን ለእነዚህ ይሸጣል። በምዕራብ ኬንያ የተደረገና በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ በመኸር ጊዜ ብድር ያገኙ ገበሬዎች በቆሏቸውን አቆይተው 29 በመቶ ትርፍ አግኝተዋል። ብድሩ ብዙ ሰው በደረሰበት አካባቢ ግን የወቅቱ የዋጋ ልዩነት ራሱ ጠበበ፣ የአንድ ሰው ትርፍም በዚያው ልክ ተነካ። በጎጃምም ቀበሌው በሙሉ ቢያከማች የነሐሴው ዋጋ እንደ ድሮው አይሰቀልም። ይህ ለሻጩ ቅናሽ ነው፤ ክረምት ላይ በቆሎ ለሚሸምተው ደግሞ እፎይታ። እህሉን አስቀድሞ የጨረሰ ቤት ሰኔ ላይ ማሳውን በርካሽ ኮንትራት ሲሰጥ ወይም ለእኩል ሲለቅ ይታያልና፣ ከሸማቾቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ገበሬዎች ናቸው፤ በተለይ በሬ የሌላቸው እማወራዎች።

ስለዚህ የከረጢቱ ግዢ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ መጀመሪያ ከግንቦት እስከ መስከረም ቤት የሚበላውን የሚይዝ፣ ቀጥሎ ዕዳው ከተከፈለ በኋላ ለሚተርፈው ብቻ። ነሐሴ ላይ በችርቻሮ ዋጋ የሚገዛውን የሚያስቀር ኩንታል ለሽያጭ ከተቀመጠው የበለጠ ያተርፋል፤ የደላላና የጭነት ወጪ የለበትም።

ለጤፍ አትግዙት። ጤፍ ነቀዝ አይነካውም፤ ገበሬውም ጤፉን እያቆየ በቆሎውን ቶሎ የሚሸጠው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ለባቄላ፣ ለሽምብራ፣ ለስንዴና ለዘር ግን ጥሩ ነው፤ ደረቅ ከገባ ብቅለቱ አይጎዳም።

ከነቀዝ ኪኒን ጋር ማወዳደር የግድ ነው። ፎስፊን የሚለቀው ኪኒን አየር በሚያሳልፍ ተራ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ጋዙ ወደ ቤቱ ይወጣል፤ ነቀዙ ሳይሞት ሰው ሊገድል ይችላል። ሰው በሚተኛበት ቤት በፍጹም አይደረግም። ፒክስ ውስጥም ኪኒን መጨመር አያስፈልግም።

ሲገዙ ሁለቱን ላስቲኮች አውጥቶ መቁጠር ነው፤ አንድ ላስቲክ ብቻ ያለው፣ ወይም እንደ ፌስታል የሚንኮሻኮሽ ስስ ላስቲክ ያለው ተመሳስሎ ይሸጣል። ታች ያለው ስፌቱ በፀሐይ ትይዩ ይታይ። ከዓመት በኋላ አጥቦ፣ በጥላ አድርቆ፣ አየር ሞልቶ እንደገና መፈተሽ። አንዱ ላስቲክ ብቻ ከተበሳ ደህነኛው ወደ ውስጥ ይዛወርና የተበሳው በጠንካራ ፕላስተር ተለጥፎ ከውጭ ይሁን፤ እንዲህ ያለው ቀድሞ ለሚበላ እህል ይበቃል። ሁለቱም ከተበሱ ለጤፍ መያዣ ነው።